የሲዬና በር፣ የመርጡለ ማርያም ገበያ

በ2014 ዓ.ም. የጥር አስተርእዮ ማርያም ዕለት ምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም ነበርሁ። ቅዳሴው ሲያበቃ ከአጎቴ ጋር የድሮው ሕንፃ ፍርስራሽ ጥላ ሥር አረፍ አልን። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው፣ በኋላም በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጃቸውን ያስገቡበት ነው። ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን አበባ በጣቴ ዳሰስሁት፤ ቅጠል ከቅጠሉ ይለያል።

የምኖረው ጣልያን፣ ቦሎኛ ነው። ወደ አገር ቤት ከመምጣቴ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ሲዬናን አይቼ ነበር፤ ሦስት ኮረብታ ላይ የተሠራች የቀይ ሸክላ ከተማ ናት። እዚያም ያላለቀ የካቴድራል ግድግዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1348 ወረርሽኝ ሕዝቡን ሲፈጀው ሥራው ቆመ፣ በዚያው ቀረ። ዛሬ ሰው ትኬት ቆርጦ አናቱ ላይ ይወጣና ዙሪያ ገባውን ገጠር ያያል። የእኛው ጥርብ ድንጋይ ግን አንዱ ሣር ላይ ወድቆ ልጆች ተቀምጠውበት ነበር። አንጀቴን አቃጠለኝ፤ አሁንም ያቃጥለኛል።

ለአጎቴ ያሳየኋቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በሲዬና ማዘጋጃ ቤት፣ ዘጠኙ የከተማዋ ገዥዎች ይሰበሰቡበት በነበረው አዳራሽ፣ አምብሮጆ ሎረንዜቲ እ.ኤ.አ. በ1338 እና በ1339 የሣለው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አለ። መልካም አስተዳደር ባለበት አገር ኑሮ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነው፤ በመካከላቸው የከተማዋ በር ተከፍቶ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል።

የአጎቴ አባት ከበላይ ዘለቀ ጋር የዘመቱ ናቸውና የጣልያን ነገር ሲነሣ አጎቴ ፊታቸው ይከብዳል። ፎቶውን እያሰፋሁ አውድማው ላይ ስደርስ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ይኼ ውቂያ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አያ።»

«በዱላ? በሬ የላቸውም?» ወደ በሩ የሚወጡትን የተጫኑ አህዮች ተከተሉ። «እነዚህስ ገበያ የሚወጡ ናቸው።» ከዚያ ከማሳው በላይ የምትንሳፈፈውን ክንፋም ሴት ነኩ። «ይችስ መልአክ ናት?»

«ደኅንነት ይሏታል። የያዘችው ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሳይፈራ ይሂድ፣ ይረስ፣ ይዝራ ይላል። በሌላው እጇ ያለው የተሰቀለ ወንጀለኛ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሷን ነው መለመን» አሉ።

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች አገር ቤት ስንገባ የምናወዳድረው አስፋልቱን፣ መብራቱንና ውኃውን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። እዚያ ሥዕል ላይ ያለው ገበሬ ግን አስፋልትም መብራትም የለውም፤ እህሉንም እንደ አጎቴ በበሬ ሳይሆን በገዛ ጉልበቱ ነው የሚወቃው። ያለው የማይዘጋበት መንገድ ነው። ትይዩው ግድግዳ ላይ ደግሞ የክፉ አስተዳደር ሥዕል አለ፤ ቤት የሚቃጠልበት፣ ታጣቂ እንጂ የሚያርስ ሰው የማይታይበት ባድማ። ብዙው ክፍሉ ተጎድቷል፤ ቢሆንም የቀረው ይበቃል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ጦርነት ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ሲዬናን ደግሜ ሳያት ከከተማዋ በር ወጥቼ በወይራው ዛፍ መካከል ብቻዬን ተራመድሁ። ወዴት ትሄዳለህ ያለኝ የለም። እግሬ እየሄደ ልቤ መርጡለ ማርያም ነበር።

ስልክ አልገባ ብሎ ሰንብቶ አንድ ቀን ማታ አጎቴን አገኘኋቸው። ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ ልጆቹን ጠየቅሁ፣ አዝመራውን ጠየቅሁ።

«ጤፉ ደኅና ነው፤ ወቅተን ጎተራ ከተነዋል» አሉኝ። «ገበያ ግን አልወጣሁም። አህያይቱም ሳትጫን ከርማለች።»