እንባ ጠባቂ እያለ ለደላላ

ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። «ጌታዬ፣ ከ2021 በፊት መኪና በብድር ገዝተው ያውቃሉ? የሚመለስልዎት ገንዘብ ሊኖር ይችላል።» ድምፁ ማር ነው። እኔ ይህን ማር ከዚህ በፊት ስለላስኩት ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይቺን ብሶት ለእናንተ ልተንፍሳት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ለንደን ለቆያችሁ ፒፒአይ የሚባለውን ጉድ ማስረዳት አያስፈልግም። አዲስ ለመጣችሁ ግን፣ ከባንክ ስትበደሩ «ብትታመም ወይ ከሥራ ብትወጣ ብድርህን የሚከፍልልህ ኢንሹራንስ» እየተባለ የሚለጠፍ ነገር ነበር። በብድር ላይ፣ በክሬዲት ካርድ ላይ፣ በቤት ሞርጌጅ ላይ። ሐሳቡ ባልከፋ። ክፋቱ ለማንም መለጠፉ ነው። ለጡረተኛውም ይለጠፋል፣ ሥራ ለሌለውም ይለጠፋል፣ የቆየ በሽታ ስላለበት መቼም ቢሆን ለማይከፈለውም ይለጠፋል። ለአንዳንዱ «ይሄን ካልወሰድክ ብድሩም የለም» ተብሏል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ እንዳለውም አያውቅም። እዚህ አገር በጠቅላላው 64 ሚሊዮን ገደማ የፒፒአይ ውል ተሽጧል። ከሕዝቡ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ወደ እኔ ልምጣ። በ2005 ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ መንዳት ልጀምር ብዬ 10,000 ፓውንድ ልበደር ባንክ ሄድኩ። የባንኩን ስም ተዉት። ያስተናገደችኝ ልጅ ደግ ነበረች። ሻይ አመጣችልኝ፣ ስለ አገሬ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ በእርሳስ ሦስት ቦታ ትንንሽ መስቀል አደረገችበት። «እዚህ፣ እዚህ፣ እና እዚህ ይፈርሙልኝ» አለች። እኔ ደግሞ መስቀል ሲያሳዩኝ መሳለም እንጂ መመርመር አልለመድኩም። ፈረምኩ።

ሁለተኛው መስቀል ኢንሹራንሱ ነበር።

«ይሄኛው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ግን ከኋላዬ ሰው ቆሟል። ልጅቷ ደግ ናት። ሻይዋን ጠጥቻለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። ይህ የኛ ይሉኝታ ለባንኮቹ ስንት ገንዘብ እንዳስገባላቸው አንድዬ ይወቀው።

አሁን ሒሳቡን እዩልኝ። የኢንሹራንሱ ዋጋ 2,100 ፓውንድ ነው። ይህ ገንዘብ በየወሩ የሚከፈል መዋጮ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሙሉው በአንድ ጊዜ ብድሩ ላይ ተጨመረ። 10,000 ልበደር ገብቼ 12,100 ተበድሬ ወጣሁ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። በዚያ ላይ ኢንሹራንሱ ራሱ ብድር ስለሆነ ወለድ ይበላል። የእድራችሁን መዋጮ እድሩ ራሱ አበድሯችሁ ወለድ ሲቀበላችሁ አስቡት! ለኢንሹራንሱ ብቻ በወር 43 ፓውንድ ከምናምን፣ ለ60 ወር። ሲደመር 2,588 ፓውንድ። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ2008 ወገቤ ተያዘ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ወገቡ ካልተያዘ ምኑ ይያዝ? ሰባት ሳምንት ተኛሁ። ያኔ ነው አንድ ጓደኛዬ ወረቀቶቼን ሲያገላብጥ «አንተ እኮ ኢንሹራንስ አለህ» ያለኝ። በደስታ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ፣ አሰሙኝ፣ አሰሙኝ። በመጨረሻ የወጣው ሰውዬ ጀርባና ወገብ በውሉ እንደማይሸፈን በትሕትና ነገረኝ። የት እንደተጻፈ ስጠይቀው የገጹን ቁጥር ሳይቀር ጠራልኝ። ለሹፌር የወገብ በሽታን የማይሸፍን ኢንሹራንስ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ለዚህ አይደል? እድሮቼ እንኳን፣ ለለቅሶ የተቋቋሙት፣ እንጀራና ወጥ ተሸክመው ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥተው ጠይቀውኛል።

የባንኮቹ ነገር እየዋለ እያደረ ፈነዳ። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው ለሕዝብ በነፃ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ገና በ2005፣ እኔ መስቀሎቹ ላይ በፈረምኩበት ዓመት፣ ለመንግሥት አቤት ብሎ ነበር። ባንኮቹ ግን እስከ 2011 ተሟገቱ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ፍርድ ቤት ፈረደባቸውና መክፈል ጀመሩ። በ2014 ደግሞ ፕሌቪን የምትባል ሴት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ አንድ ጉድ አወጣች። ለኢንሹራንሱ ከከፈለችው ገንዘብ 71.8 በመቶው ኮሚሽን ነበር፤ ይህንንም ማንም አልነገራትም። ከመቶ ፓውንድ ኢንሹራንስ ሰጪው ጋ የሚደርሰው 28 ፓውንድ ገደማ ነው ማለት ነው! ልጅቷ ለምን ሻይ እንዳፈላችልኝ ያኔ ገባኝ። ይቅርታ፣ እሷ እንኳን የታዘዘችውን ነው የሠራችው። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ በጠቅላላው ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለሰው ተመልሷል። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ኦገስት 29 ቀን 2019 ነበር። የአርኖልድ ሽዋርዜኔገር ጭንቅላት ብቻውን እየተሽከረከረ በቴሌቪዥን ሰው ላይ ሲጮህ ታስታውሳላችሁ? ቀነ ገደቡን ለማሳወቅ ነበር። ልጄ ፈርታው ቻናል ታስቀይረኝ ነበር።

እኔ ከአርኖልድ ቀድሜ በ2016 አመለከትኩ። ማመልከቱንስ አመለከትኩ። ግን እንዴት? ልክ እንደ ትናንቱ ስልክ ተደወለልኝ፤ «ገንዘብዎን እናስመልስልዎ» የሚሉ ደላሎች ናቸው። «ካላሸነፍን ክፍያ የለም» አሉኝ። ሌላው ቀርቶ እንግሊዝኛው አያስቸግርዎትም አሉኝ። ድርሻቸው 30 በመቶ ሲደመር ቫት። ሠላሳውን ሰማሁ፣ ቫቱን አልሰማሁም። አሁንም ፈረምኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕግ ወጥቶ 20 በመቶ ሲደመር ቫት ላይ ገደቡት፤ ለእኔ አልደረሰልኝም።

የሠሩትን ሥራ ልንገራችሁ። ፎርም ላኩልኝ። ፎርሙን እኔው ሞላሁት። እነሱ ለባንኩ በፖስታ ላኩት። አለቀ። የቴምብሩ ዋጋ ነው እንግዲህ።

ባንኩ አመነ። የከፈልኩት 2,588 ሊመለስልኝ፣ በላዩ ላይ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ሲታሰብ 1,863 ሊጨመርልኝ። ድምር 4,451። ሚስቴ እልል አለች። ቆይ! ከወለዱ ላይ 20 በመቶ ታክስ ተቆረጠ፣ 373 ሄደ። ደላሎቹ ደግሞ ድርሻቸውን ያሰሉት ታክሱ ከመቆረጡ በፊት ባለው ላይ ነው። ሠላሳ በመቶው ከነቫቱ 36 በመቶ ይሆናል፣ 1,602 ፓውንድ። እኔ እጅ የገባው 2,476።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አሁን አምጧት። የከፈልኩት 2,588 ነበር። ባንኩ ጥፋቱን አምኖ፣ ወለድ ጨምሮ፣ ዓመታት ቆጥሮ ከፈለ፤ እኔ ግን ካወጣሁት 112 ፓውንድ ጎድሎ ተመለሰልኝ። አሸንፌ ከሰርኩ። የደላሎቹ ደረሰኝ ደግሞ «እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል፤ ከነርችት ሥዕሉ።

ይህን ለእድራችን ጸሐፊ ሳወራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። «አንተ ልጅ፣ እንባ ጠባቂ እያለልህ ለደላላ ሰጠኸው?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም በሞርጌጃቸው ላይ ተለጥፎባቸው ነበር። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ለረጅም ዓመት ከሠራች ስትታመም ስድስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ስድስት ወር ግማሽ ደሞዝ ታገኛለች። ያን ኢንሹራንስ ምን ያደርጉታል? ይህንኑ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ጻፉ። ባንኩ «አይመለከተንም» አለ። እሳቸው ደግሞ ባንኩ መልስ በሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ለፋይናንስ እንባ ጠባቂው ላኩት። እዚህ አገር ኦምቡድስማን የሚሉት ነው፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ዓመት ከምናምን ጠበቁ። ሙሉ ገንዘባቸውን አገኙ። አንድ ሳንቲም ለደላላ አልወጣም። «ሰዋስውህን አያርሙም፣ የሆንከውን ብቻ ንገራቸው» ይላሉ።

ቆይ፣ ገና አላለቀም። ያ የተቆረጠብኝ ታክስ ትዝ ይላችኋል? ከ2016 ኤፕሪል ጀምሮ እንደኔ ያለ መደበኛ ግብር ከፋይ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ወለድ ከታክስ ነፃ ነው። ለግብር መሥሪያ ቤቱ አመልክቼ ቢሆን 200 ፓውንድ ይመለስልኝ ነበር። ይህን ማን ነገረኝ? ባንኩ? ደላሎቹ? እትዬ ናቸው የነገሩኝ፣ በ2022። የግብር ጥያቄ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጠረው አራት ዓመት ብቻ ነው፤ የእኔው በ2021 ኤፕሪል ተዘግቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እና ትናንት የደወለልኝ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ሁለተኛ ዙር። የመኪናው ነገር እውነት ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ብዙ ሻጮች ወለዱን ከፍ ባደረጉብን ቁጥር ኮሚሽናቸው የሚጨምርበት አሠራር ነበር፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2021 ጃንዋሪ ከለከለው። እኔም ያችን ፕሪየስ በ2017 በብድር ነው የገዛኋት። ግን አቤቱታውን ለአበዳሪው መጻፍ ነፃ ነው። ነፃ! ለዚህ ነው ማሩን ሰምቼ ሳልጨርስ የዘጋሁት።

ቅዳሜ ከእድር ስብሰባ በኋላ እትዬ ቤት ቡና አለ። ከ2021 በፊት መኪና በብድር የገዛችሁ ሹፌሮች የውል ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከጠፋባችሁ የአበዳሪውን ስምና የመኪናውን ታርጋ ብቻ ያዙ። እትዬ ይጽፋሉ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የደላላ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ቡና አይቀዳለትም።