ቀዩ አደባባይና የተዘጋው ወደብ

የማሌዥያዋ ወደብ ከተማ ማላካ ደርሶ የመጣ ሰው ፎቶ ሲያሳይ ያ ቀይ አደባባይ አይቀርም። ቀይ ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቡ ቀይ የገዥዎች ሕንፃ፣ ፊት ለፊታቸው በአርቴፊሻል አበባ የተንቆጠቆጡ ሪክሾዎች። የማሌዥያ አስጎብኚዎች «የሆላንዶች አደባባይ» ይሉታል። ሕንፃዎቹን የሠሩት በእርግጥ ሆላንዶች ናቸው። ቀዩን ቀለም የቀባው ግን እንግሊዝ ነው፤ በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ሆላንዶቹ በ1825 ለመጨረሻ ጊዜ ከወጡ 86 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የቀለሙ ነገር ብዙም አይከነክነኝም። የሚከነክነኝ ፎቶውን ያየ ሰው «ሆላንድ ከተማዋን አልምታ ሄደች» ብሎ ማሰቡ ነው።

የሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ማላካን ከፖርቹጋሎች የነጠቀው በጥር 1641 ነው። ከበባው ወራት ፈጀ፤ ከተማዋን ረሃብና በሽታ ጨረሷት። የጎረቤቲቱ የጆሆር ሱልጣን ከኩባንያው ጋር አብሮ ተዋግቷል። ፖርቹጋሎች በ1511 ከማላካ ያባረሩት ሱልጣን ዘር ነበር። ከተማዋ ግን ለባለቤቶቿ አልተመለሰችም፤ የኩባንያው ሆነች።

ኩባንያው ታዲያ ምን ሊያደርግባት ፈለገ? ዋና መናኸሪያው ባታቪያ ነበረች፣ የዛሬዋ ጃካርታ። ደህና ደህናው ንግድ ሁሉ ወደዚያ እንዲሄድ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ማላካን ኬላ አደረጋት። በማላካ ሰርጥ፣ በጠባቡ የባሕር መተላለፊያ፣ የሚያልፍ መርከብ ቁም ይባላል፤ ቀረጥ ይከፍላል፤ የይለፍ ወረቀት ይይዛል። ከፔራክ ግዛት የሚወጣው የቆርቆሮ ማዕድን ለኩባንያው ብቻ፣ ኩባንያው በቆረጠው ዋጋ ይሸጥ ተባለ። አይበላ፣ አያስበላ!

ነጋዴ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ዞሮ ሌላ ወደብ ፈለገ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሰርጡ ደቡብ ጫፍ ያለችው የሪያው ወደብ ደራች። በ1784 የሪያው መሪ ራጃ ሐጂ ራሷን ማላካን ከበበ፤ እዚያው ተገደለ።

ኩባንያው በዕዳ ተዘፍቆ በ1799 ማብቂያ ፈረሰ። እንግሊዝ ማላካን ቀድማ፣ በ1795 ይዛት ነበር። አንድ ቀን ለሆላንዶች ትመለስ ይሆናል ብላ ስትሰጋ፣ በ1807 አካባቢ ምሽጉን በባሩድ አፈረሰችው። ያው የኬላው ብልሃት፤ እኔ ካልተጠቀምኩበት ማንም አይጠቀምበት።

ከምሽጉ የተረፈች አንዲት በር አለች፤ ቱሪስት ከሥሯ ቆሞ ሰልፊ ይነሳል። የሠሯት ፖርቹጋሎች ናቸው። ቀና ብሎ ላየ ግን አናቷ ላይ የኩባንያው ዓርማ ተቀርጿል፣ ከነዓመቱ፤ 1670።