«ጆሮ ተሰጥቷቸዋል» ማለት ይብቃን

ጎንደር ውስጥ ስለ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ወሬ ከተነሳ አንድ አባባል አይጠፋም፦ «ፈጣሪ ዓይን ቢነሳቸው ጆሮ ሰጥቷቸዋል»። ለማጽናናት እንደሚባል አውቃለሁ። ሰሞኑን ግን አባባሉ ሌላ ሥራ ይዟል። «ጆሮ ካላቸው ስልኩ ያንብብላቸው፣ ብሬል ምን ያደርግላቸዋል?» ለሚሉ ሰዎች መከራከሪያ ሆኗል። ብሬል በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት ነው።

እነዚህ ሰዎች ማስረጃ ሲጠየቁ የአብነት ትምህርት ቤቱን ይጠራሉ። እውነት ነው፣ ድጓውን በቃላቸው የያዙ፣ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩን፣ አሉንም። ግን እዚያ ቤት ገብቶ ልብ ላለ ሰው የሚታየው ስጦታ ሳይሆን ድካም ነው። በአቋቋም፣ ማለትም ዜማን ከአካል እንቅስቃሴና ከከበሮ ጋር በሚያስተባብረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ የታወቀችውን የጎንደር በአታን እንውሰድ። ተማሪው በቃሉ ያጠናውን ዜማ በቁም፣ በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋት እያለ፣ በእነዚህ የአቋቋም ስልቶች ይመላለስበታል። ዝማሜው ላይ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል የዜማውን ርዝመት ይለካል፤ ጽፋት ላይ ጭብጨባውና ከበሮው ይከተላሉ። መቋሚያው ከዜማው ቀድሞ ከወረደ መሪጌታው ያስቆመውና እንደገና ያስጀምረዋል። አንዱን ዜማ ጆሮም ክንድም እግርም ይማሩታል።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ከአንዱ የስሜት ሕዋስ ወደ ሌላው እንደሚሻገር ሳይንሱም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች እጃቸው ላይ በሚያርፉ ሁለት ንዝረቶች መካከል ያለውን ቅጽበት እንዲለዩ አሠለጠነ። ልምምዱ በእጅ ብቻ ነበር፤ የተሻሻለው ግን ጆሯቸውም ጭምር ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ገደቡ ነው፦ መሻሻሉ የታየው በተለማመዱት የጊዜ ርዝመት አካባቢ እንጂ በሁሉም ላይ አይደለም። ከሰማይ የወረደ ጸጋ ቢሆን ኖሮ እንዲህ መርጦ ባልወረደ ነበር።

ወደ ብሬሉ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ዓይናቸው የሚያይ ሰዎችን ለአምስት ቀን ዓይናቸውን ሸፍኖ ብሬል በደንብ አስተማራቸው። በአምስተኛው ቀን፣ ለማየት የሚሠራው የኋላኛው የአንጎል ክፍላቸው ለጣታቸው ዳሰሳ ምላሽ መስጠት ጀምሮ ነበር። መሸፈኛው ተነስቶ አንድ ቀን ሲያልፍ ያ ምላሽ ጠፋ። ስትወለድ ጀምሮ የማታይ፣ ብሬልን እንደ ውሃ የምታነብ አንዲት ሴት ደግሞ በስትሮክ ምክንያት ያው የአንጎል ክፍሏ በሁለቱም በኩል ሲጎዳ ብሬል ማንበብ አቃታት፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ነጥቦቹ በጣቷ ይሰሟት ነበር። ንባቡ ግን የለም።

እንግዲህ ጣት ሲነበብበት አንጎል ባዶ የተቀመጠ ቦታውን ለንባብ ያውላል ማለት ነው። ስልክ የሚያነብለት ልጅ ታሪኩን ይሰማል፣ ጥሩ ነው፤ ቃል ከቃል የት እንደሚለያይ፣ አራት ነጥቡ የት እንደሚያርፍ ግን በእጁ አያገኘውም። በአማርኛ ብሬል «ጎ» አንድ ቅርጽ አይደለም፤ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። ልጁ የከተማውን ስም ሲያነብ ድምፁን ከፋፍሎ እየዳሰሰ ነው። ይህን ዕድል የትኛው የስልክ ድምፅ ይሰጠዋል?

ስልኩም ይገዛ፣ ማን ጠላ። ክርክሬ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የብሬል ወረቀት እንዳይሆን ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ስሌትና ስታይለስ (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና ነጥብ መውጊያ) በእጁ ይያዝ፤ ብሬል በጣቱ የሚያነብ መምህር ይመደብለት፤ በየቀኑም ገጽ የሚዳስስበት ሰዓት ይኑረው። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን እስኪለምድ ዓመታት ሲፈጅ «ጆሮው ይበቃዋል» ብሎ ያስቀረው የለም።