ይበላል?

ትናንት ጠዋት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ጀበና ቡና ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ፎቶ አሳየኋቸው። የሳላ ፎቶ ነው። ቀንዱ እንደ ጦር የቀና፣ ፊቱ በከሰል የተኳለ የሚመስል፣ ከኋላው የፈንታሌ ተራራ። ለሱ ስል ግማሽ ሰዓት አቧራ ላይ በደረቴ ተኝቻለሁ። ጋሼ ስልኬን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፤ ከዚያ «ይበላል?» አሉኝ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። እሳቸው ደግሞ ረቡዕን የሚጾሙ ሰው ናቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ የፓርክ እንስሳ እኮ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን ይበላል?»

ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ጥያቄው ከአዋሽ ፓርክ ድረስ ተከትሎኝ የመጣ ነው። አራት ሆነን ሁለት ሌሊት ልናድር ሄደን ነበር፤ አንደኛው ጓደኛችን ሰጎን ሲያይ «ይበላል?»፣ ጅግራ ሲያይ «ይበላል?»፣ ከርከሮ ሲያይ እንኳን አንገቱን አስግጎ «ይሄስ?» የሚል ሰው ነው። የሚገርመኝ፣ ይህ ሰው ሆቴል ገብቶ ማን እንዳረደው ሳያጣራ ዶሮ አይነካም። ሰጎንን ኦሪት ከልክላዋለች፣ ከርከሮንማ ተዉት። ብትለምኑት የማይቀምሰውን ነገር ምን ሊያደርግለት ነው የሚጠይቀው?

ነገሩ ከቤት ነው የጀመረው። ከመሄዳችን በፊት የተከራየሁትን ድንኳን ግቢ ዘርግቼ ስፈትሽ፣ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከች አለች። «ምነው? ማን አርፎ ነው?» ማንም። «ሠርግ ነው?» አይደለም። ወፍ ለማየት ሜዳ ላይ ልናድርበት ነው ስላት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች እናቴን በሐዘኔታ አየቻት። እማዬም አልረዳችኝም። «ያ ፈንታሌ ተራራ እኮ በ2017 እኛን ሁሉ ሲያንቀጠቅጠን የከረመው ነው» አለች። ውሸት የላትም፤ ያኔ አዳማ ድረስ ብርጭቆ ተንጫጭቷል።

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃን ሐይቅ አየነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 አልፏል። የከረዩ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ፣ መንገዱን፣ ሐዲዱን እያለ መጥቷል። እሱ እንኳ ይበላል አይበላል ብሎ አይጠይቅም፣ ይበላል።

የምወደው ተረት አለ፤ «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ»። ቦታው ሆነም አልሆነም በሳምንት አንዴ እላታለሁ። ይቺን የተረተው ሰው ቢያንስ ቆቅን ለይቶ ያውቅ ነበር። እኛ ዘንድ የቀረችው «ወፍ የለም» ናት። ኪስ ባዶ ሲሆን ወፍ የለም፣ መብራት ሲጠፋ ወፍ የለም። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር! አዋሽ ፓርክ ብቻ ከ450 በላይ አሉ። ጓደኛዬን «ያቺ ምንድናት?» ስለው «ወፍ»፣ «ያኛውስ?» ስለው «አሞራ»። አባቶቻችን ኤርኩም፣ አባ ኮዳ፣ ጭላት፣ ግንደ ቆርቁር ብለው ስም አውጥተው ሄደዋል። እኛ የእንግሊዝ ክለቦችን ተጠባባቂ በረኞች ከነአባታቸው ስም እንቆጥራለን፣ ኤርኩም ሲባል የመድኃኒት ስም ይመስለናል። እዚህ ላይስ አልቀልድም፣ ያናድደኛል። ግመል ይዞ ያገኘነው የከረዩ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ የጠቆምነውን ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ ጠራልን።

በማግስቱ ጠዋት ሳሩ ውስጥ ፈረንጆቹ ኮሪ ባስታርድ የሚሉትን ግዙፍ ወፍ አገኘን። ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደኋላ ያጣመረ መስሎ ይራመዳል። ጀርባው ላይ አንዲት ደማቅ ቀይ፣ ንብ የምትበላ ወፍ እንደ ባጃጅ ተሳፍራበታለች። እግሩ ሳሩን ሲነካ አንበጣ ይነሳል፣ እሷ ብድግ ትላለች፣ ቀለብ አድርጋ ተመልሳ ጀርባው ላይ ቁጭ። ሒሳብ የለ፣ መልስ የለ። በስልክ ካሜራ አጉልቼ ነው ያየሁት፤ ባይናኩላሬን ከሦስት ዓመት በፊት «ለቅዳሜ ብቻ» ብሎ የወሰደ ሰው አለና። ዛሬ ስቴዲየም ኳስ ያይበታል ይባላል። ይህን ካነበብክ፣ የቱ ቅዳሜ እንደሆነ ንገረኝ።

እና እንዳትነግረው ራሴን እየመከርኩ፣ ወንዱ እስከ 18 ኪሎ እንደሚመዝን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። «18? ለቅርጫ ይሆናላ!»

ወደ ፏፏቴው ወረድን። ያ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ መታወቂያ ሳይጠያየቅ ተጋብቶ የሚኖርበት ነው፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል። ክልሱ ይሁን ሌላው አላውቅም፣ አንዱ ገብቶ ፌስታላችንን ፈታ። ዳቦውን ብብቱ ስር አደረገ። የበርበሬዋን ቋጠሮ አሸተተ፣ በጣቱ ነካ፣ ላሰ፣ ፊቱን አጨማደደና ጓደኛዬ እግር ስር ወረወራት። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ እስከ አዳማ አንድም ነገር አልጠየቀም።

ስለ ጋሼ ነበር የማወራው ለካ። ዛሬ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ነገ ግን መመለሴ አይቀርም፣ የልጅቷ ቡና ሦስተኛው ድረስ አይቀጥንም። የአዞውን ፎቶ ግን አላሳያቸውም።