መቀነስ ያለበት ዘይቱ ነው
አንድ ጸሐፊ የወጥ ወጪን ለማቃለል ሽንኩርትና ቅመም መቀነስ እንደሚገባ መምከራቸውን አልደግፍም፤ የጾም ወጥ ጣዕሙን የሚያገኘው በዋናነት ከእነዚሁ ከሁለቱ ስለሆነ፣ መቀነስ ያለበት ዘይቱ ነው። በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት፣ እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጉና እያማሰሉ መልኩ እስኪለወጥ ድረስ ካቁላሉት በኋላ ዘይቱን ከበርበሬው ጋር ቢጨምሩት፣ ከተለመደው ግማሽ ያህሉ ይበቃል። መከለሻው (ማጣፈጫው የቅመም ድብልቅ) ግን ወጡ ሊወጣ ሲል ብቻ መግባት አለበት፤ ቀደም ብሎ ከገባ መዓዛው በእንፋሎቱ ይጠፋል። ለአንድ ድስት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስለሚበቃም፣ እርሱን በመቀነስ የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሽሮን በተመለከተ፣ አተሩን ወይም ሽንብራውን ከእሑድ ገበያ ገዝቶ፣ ቆልቶና ከክቶ ማስፈጨት አብዛኛውን ጊዜ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ የሚረክስ ከመሆኑም በላይ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አውቆ ለመብላት ያስችላል (ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው ቀላል ምክር እንዳልሆነ ይገባኛል)። የተረፈ እንጀራም ሳይሻግት በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ከሆነ፣ በዚያው ቁሌት ለሚሠራ ፍርፍር ይውላል።