የግላስጎው ባለትርኢቶች ርስት

እ.ኤ.አ. በ2022 ስኮትላንድ ሕዝቧን ስትቆጥር ቅጹን የሞላሁት ጎረቤቴ ከሆኑ አንዲት እናት ጋር ተቀምጬ ነው። እኔ «አፍሪካዊ» ከሚለው ሥር «ኢትዮጵያዊ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ግን አንዷ ሳጥን ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አቁመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ሾውማን» ወይም «ሾውዉማን» ትላለች፣ ባለትርኢት ማለት ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ሲኖሩ የወገናቸውን ስም በመንግሥት የቆጠራ ቅጽ ላይ ሲያነቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ምልክቷን አድርገው ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ።

እኚህ እናት የተወለዱት ከባለትርኢት ቤተሰብ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚሽከረከሩትን የእንጨት ፈረሶች፣ ዥዋዥዌውን፣ የዒላማ ተኩሱን የሚተክሉ፣ የበዓሉ ቀን ሲያልቅ ነቅለው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። የስኮትላንድ ወቅታቸው የሚከፈተው በሚያዝያ ገደማ፣ አመጣጡ እስከ 1304 ድረስ በሚቆጠረው፣ ከርኮዲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሚቆመው ገበያ ነው፤ ገበያ የሚሉት ይህንኑ የመዝናኛ ትርኢት ነው። ብርዱ ሲገባ «ያርድ» ወደሚሉት ግቢ ይመለሳሉ፤ ማሽኑን ይፈታሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይውላሉ። በምሥራቅ ግላስጎው በቆርቆሮ አጥርና በግንብ የተከበቡ እንዲህ ያሉ ግቢዎች ብዙ ናቸው። በአውሮፓ እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ተሰባስበው የሚኖሩበት ሌላ ከተማ የለም ይባላል። እኔ ግን አጥሩን ለሁለት ዓመት በየቀኑ እያለፍኩ የአሮጌ መኪና ማከማቻ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ሲያወሩ ጆሮዬን የያዘው ስለ ቦታ የሚናገሩት ነው። ገበያው በዓመት አንዴ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆማል፤ ፈረሶቹ የት እንደሚተከሉ፣ የተኩስ ዳሱ ከማን ጎን እንደሚሆን ግን ከአያት ከቅድመ አያት የታወቀ ነው። አንድ ቤተሰብ ለዓመታት የቆመበት ስፍራ በማኅበራቸው ደንብ መብቱ ሆኖ ይጸናል፣ ለልጅም ይተላለፋል። ይህን በአማርኛ ማስረዳት አይከብድም፤ ርስት ነው። የከርኮዲው ርስት ያለው ሌላ ጊዜ መኪና በሚመላለስበት የባሕር ዳር አስፋልት ላይ ነው።

የዘር ሐረጋቸውም እንደ ርስታቸው በቃል የተያዘ ነው። ሰባት ቤት ቁጠሩ ብንባል ስንቶቻችን አራተኛው ላይ እንደምንቆም አውቃለሁ። እሳቸው ባለፎቶ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ከፍተው ሲጀምሩ ግን ማቆሚያ የላቸውም፤ በብዛት እርስ በርስ ስለሚጋቡ አንዱ ስም አሥር ሌላ ስም ይጎትታል። ወረቀት ላይ ልፈልጋቸው ያለ ሰው ይቸገራል። የአንድ እናት ስድስት ልጆች በስድስት ከተማ ተመዝግበው ሊገኙ ይችላሉ፣ ምጥ የመጣው ገበያው በቆመበት ነዋ። የድሮ የመዝገብ ጸሐፊ ሙያቸውን አንዴ ባለትርኢት፣ አንዴ ሱቅ በደረቴ ብሎ ጽፎታል። ይልቅ የሚታመነው ከ1904 ጀምሮ የታተመው «ወርልድስ ፌር» የተባለ የራሳቸው ጋዜጣ ነው፤ ልደቱን፣ ሠርጉን፣ ለቅሶውን እየዘገበ ኖሯል። በ1994 ደግሞ ከባለትርኢት ቤተሰብ የወጡት ምሁር ቫኔሳ ቱልሚን በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት አቋቋሙላቸው። የቆርቆሮዋ ፎቶዎች ውስጥ አንዱን ደጋግሜ አየዋለሁ፤ በወርቅማ ቀለም ያሸበረቀ የእንጨት ፈረስ ነው፣ አንገቱ ላይ የጎረቤቴ ስም ተጽፏል። በየፈረሱ አንገት ላይ የቤተሰቡን ልጆች ስም መጻፍ ልማድ ነው። አባታቸው የጻፉላቸው በተወለዱ በመጀመሪያው የብርድ ወራት፣ እዚያው ያርድ ውስጥ ነው።

እነዚህን ሰዎች «ቋሚ አድራሻ የላቸውም» ብሎ መጠርጠር የቆየ ነገር ነው። በ1880ዎቹ ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የማኅበራዊ ለውጥ ተሟጋች በጎማ ላይ ያሉ መኖሪያዎች ሁሉ እንዲመዘገቡ፣ መርማሪም ገብቶ እንዲፈትሽ የሚያስገድድ ሕግ በብሪታንያ ፓርላማ ለማሳለፍ ደጋግሞ ሞከረ። ልጆቹ ይማሩ ማለቱ ተገቢ ነበር፤ የሰው መኖሪያን እንደ ወንጀለኛ ዋሻ መቁጠሩ ግን አልነበረም። ባለትርኢቶቹ በ1889 ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፣ ተከራከሩ፣ ሕጉም ሳይጸድቅ ቀረ። ያ ማኅበር ዛሬም የሙያቸውን ደንብ የሚያስከብር ነው።

ግላስጎው ከእነሱ ያገኘችውን ብትቆጥር ደግሞ ዝም አትልም ነበር። ጆርጅ ግሪን የተባለ ባለትርኢት በ1896፣ ተንቀሳቃሽ ምስል ገና ብርቅ ሳለ፣ ጋሎውጌት በሚባለው ሰፈር በተከለው የመዝናኛ ስፍራ ለከተማዋ ሰው ፊልም አሳየ። ልጆቹ በ1927 መሐል ከተማ «ግሪንስ ፕሌይሃውስ»ን ከፈቱ፤ ከ4,000 በላይ መቀመጫ የነበረው፣ በዘመኑ በአውሮፓ ትልቁ ሲኒማ ቤት። ሕንፃው በ1987 ፈረሰ፣ በቦታው ግን ዛሬም ሲኒማ ይታያል። ፋብሪካ ውሎ የደከመ ሰው በጥቂት ሳንቲም ልጆቹን የሚያስደስትበት ነገር ከእነዚህ ቤተሰቦች እጅ ነበር የሚመጣለት።

ከተማዋ ግን ያርዶቹን የምታያቸው እንደ ባዶ መሬት ነው። ለ2014ቱ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሲባል ዳልማርኖክ ከሚባለው የምሥራቅ ግላስጎው ሰፈር የተነሡ ቤተሰቦች አሉ። በጎቫን ሰፈር፣ ክላይድ ወንዝ ዳር ዋተር ሮው ላይ የነበሩትም ለአዲስ መኖሪያ ግንባታ ለቀዋል። ቤት መሠራቱን አልቃወምም፤ ቤት ጠብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ለባለትርኢት ሌላ አፓርታማ መስጠት መፍትሔ አይሆንም። ማሽኑን የት ያቆመዋል? በጥር ፈረሱን የት ይቀባል? ያርድ ማለት ቤትም፣ ጋራዥም፣ አያትና የልጅ ልጅ አጠገብ ላጠገብ የሚውሉበት ግቢም ነው። ከተነሡ አይቀር መሰናዶው የሚበቃቸው፣ ቤተሰቡን አንድ ላይ የሚይዝ ግቢ አስቀድሞ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ከማፍረሱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ከራሳቸው መካከል «እኛ የሙያና የባህል ማኅበረሰብ እንጂ የተለየ ዘር አይደለንም» የሚሉ አሉ። ይበሉ፤ ቆጠራው በስማቸው ካወቃቸው የከተማው ፕላንም ሊያውቃቸው ይገባል።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው እዚህ ከተማ የምንኖር ሐበሾች ከያርዶቹ አጠገብ ስለምንኖር ነው። ግንባታ ሲታሰብ ከቦታው በ20 ሜትር ውስጥ ላለ ጎረቤት ማስታወቂያ ይላካል፤ አስተያየት ለመጻፍም 21 ቀን ይሰጣል። ደብዳቤው እንግሊዝኛው የተወሳሰበ ስለሆነ ከንግድ ማስታወቂያ ወረቀት ጋር ይጣላል፣ እኔም ጥያለሁ። አሁን ግን ሲመጣ ይዤው ወደ ጎረቤቴ እሄዳለሁ፣ መልሱንም አብረን እንጽፋለን። እናንተም በራችሁ ላይ ሲገባ ከመጣላችሁ በፊት የየትኛው ግቢ ስም እንዳለበት እዩልኝ።