ፊላው ሲነድ ዝም ላልን ሰዎች

የደቡብ ወሎ፣ የተሁለደሬ ወገኖቼ፣ በዚህ በጋ በሐይቃችን በሐይቅ ዳር የተደረገውን ይቅር ማለት አቅቶኛልና በአደባባይ እወቅሳችኋለሁ። ለጥቂት የሽንኩርት መደብ ሲባል ከውኃው ጠርዝ ላይ የነበረው ፊላ በእሳት ተለቀቀ፤ ያውም ወፎቹ እንቁላላቸውን ታቅፈው ሳሉ። በማግስቱ ስደርስ አመዱ ገና ይሞቃል፤ ቅርፊታቸው የፈነዳ እንቁላሎች በየጎጇቸው እንደተቀመጡ ከስለዋል። የውኃውን ከፍታ ለማወቅ ተተክሎ የነበረው፣ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለው የብረት መለኪያም ተነቅሎ የሞተር ፓምፕ ቱቦ መደገፊያ ሆኗል፤ ቁጥሮቹ ተዘቅዝቀዋል። ቁጥሩን ጠዋት ጠዋት እያነበቡ በደብተር ይመዘግቡ የነበሩት አባት፣ «እንግዲህ ምኑን ልጻፍ?» አሉኝ። ወደ ገበያ፣ ወደ መስጊድና ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንመላለስ ሁሉ ጭሱን አይተናል፤ «ተው!» ያለ ግን አልነበረም።

ሐይቃችን መውጫ ወንዝ እንደሌለው ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ከጎረቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ውኃም ሆነ ከየማሳው ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የጎርፉን ጉልበት የሚሰብረው፣ ደለሉን የሚያስቀረውና ከማዳበሪያው ፎስፈረስ የተወሰነውን ለራሱ ምግብ የሚያደርገው ይኸው ያቃጠልነው ፊላና ቄጠማ ነበር። ፎስፈረስ ሲበዛ ውኃው አልጌ የተባለ አረንጓዴ ሽፋን ይለብሳል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስም ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ የገባው፣ ዛሬ ስንቱን ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ቆረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ደግሞ ጥልቀት በሌለው በዚሁ ዳር ነው።

መለኪያው ብረት ብቻ መስሏችሁ ከሆነ እጅግ ተሳስታችኋል። አንድ ቀን የተለካ ከፍታ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በአንድ ቦታ፣ ክረምት ከበጋ፣ ዓመት ከዓመት ሲመዘገብ ነው ውኃው የሸሸው በዝናብ እጥረት ይሁን በፓምፖቻችን ብዛት ለመለየት የሚያስችለው። የውኃውን ጥራት ለማወቅ በገመድ የሚወርደው ነጭ ዝርግ ሳህን ከስንት ሜትር በታች ከዓይን እንደሚሰወር፣ በዳሩ የትኞቹ የውኃ ነፍሳት እንደቀሩ፣ የትኞቹ ወፎች እንዳልተመለሱ መመዝገብም እንዲሁ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት መድረቁን ሁላችንም ሰምተን አዝነናል። የራሳችንን ግን የሚከታተለውን ሰው እጁን አሰርነው።

ቁጣዬ ከሐዘኔ የሚመነጭ ነው፤ የተቸገረ ገበሬ መሬት መፈለጉንም አልነቅፍም። ሰሚ ይገኛል ብዬ ብዙ አልተማመንም፤ ስንት ጊዜ ተነግሮናል። ቢሆንም የፊላው ሥር እርጥብ ጭቃ ውስጥ ስላለ በሬና ማረሻ ካላገኘው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ሼሆቹና ቀሳውስቱ፣ የእድር ዳኞችም ተሰብስባችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ የማይታረስና የማይቃጠል ዳርቻ አስከልሉ፤ መለኪያውም በባለሙያ እጅ በቀድሞ ልኩ ይተከል፤ አባትም ሳይደክማቸው ንባቡን የሚረከቡ ሁለት ተማሪዎች ከየሰፈሩ ይላኩላቸው።